ለአንዷ ጌጥ፣ ለሌላዋ ክስ የሆነው ሹሩባ

እ.ኤ.አ. በ1981 ኒው ዮርክ ያስቻለ አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሹሩባ ጉዳይ ፍርድ ሰጠ (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከሳሿ ሬኔ ሮጀርስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን፣ በአሜሪካን ኤርላይንስ 11 ዓመት ገደማ ሠርታለች። ሥራዋ ኤርፖርት ላይ ነው፤ መንገደኛ ትቀበላለች፣ የመሳፈሪያ ካርድ ትሰጣለች፣ ሻንጣ ትመዘግባለች። ኩባንያው ደግሞ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙ ሠራተኞች ጭንቅላታቸውን ሙሉ ሹሩባ ተሠርተው ሥራ እንዳይገቡ የሚከለክል ደንብ ነበረው። ሮጀርስ ደንቡ በዘሬና በፆታዬ ላይ የተቃጣ አድልዎ ነው፤ ይነሣልኝ፣ 10,000 ዶላርም ልካስ ብላ ከሰሰች።

ክርክሩ ላይ የሁለት ተዋናዮች ነገር ተነሣ። ሮጀርስ፣ ይህ የፀጉር አሠራር የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ባህልና ታሪክ መገለጫ ነው፤ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የታወቀውም ጥቁሯ ተዋናይት ሲስሊ ታይሰን በመላ አገሪቱ በቴሌቪዥን በተላለፈ የአካዳሚ ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ተሠርታው በታየች ጊዜ ነው አለች። አየር መንገዱ በበኩሉ፣ ሴትዮዋ በዚህ ፀጉር ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የታየችው በሴፕቴምበር 1980 ነው፤ ይህም አንዲት ነጭ ተዋናይት በፊልም ላይ ዝነኛ ካደረገችው ብዙም ሳይቆይ ነው ሲል መለሰ። ነጯ ተዋናይት ቦ ዴሪክ ናት። ፊልሙም በ1979 የወጣው የብሌክ ኤድዋርድስ «10» ነው። ዴሪክ ዶቃ የተሰካበትን ሹሩባዋን እያወዛወዘች በባሕር ዳር ስትሮጥ የሚያሳየው ትዕይንት ተዋናይቷንም ፀጉሯንም በአንድ ቀን ስም አወጣላቸው፤ የአሜሪካ መጽሔቶችም አሠራሩን በእሷ ስም ይጠሩት ጀመር።

ፍርድ ቤቱ የአየር መንገዱን መልስ ከነምክንያቱ በፍርዱ ላይ አሰፈረው። ቀጥሎም፣ በተፈጥሮ የበቀለ አፍሮ ቢከለከል ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር፤ ሹሩባ ግን እንደ ቆዳ ቀለም አብሮ የሚወለድ ነገር አይደለም፤ በእጅ ይሠራል፣ በእጅ ይፈታል አለ። ደንቡም ጥቁሩንም ነጩንም፣ ወንዱንም ሴቱንም እኩል ይመለከታል። የሮጀርስ ክስ በዋና ዋና ነጥቦቹ ወደቀ።

ከፍርዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ትነግረናለች። ኩባንያው ለሮጀርስ ሹሩባሽን ፍቺው አላላትም። በሥራ ሰዓት ወደ ኋላ ሰብስበሽ ቋጥሪውና በላዩ ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር ጠቅልይበት ነው ያላት። እሷም እንደተባለችው አደረገች፤ ነገር ግን የተደረበው ፀጉር ብርቱ ራስ ምታት አመጣባት። ይህንኑ ለፍርድ ቤቱ ስታመለክት ያገኘችው መልስ፣ እንግዲያው ተለቅ ያለ ሰው ሠራሽ ፀጉር ማድረግ ያስፈልጋል የሚል ነበር። የገዛ ፀጉሯን በተገዛ ፀጉር ሸፍኚው ተባለች፤ ያመኛል ስትል ደግሞ መሸፈኛው እንዲተልቅ ተፈረደላት።

ስለ ባህል ነጠቃ በሚደረገው ሙግት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ነጭ ሴት ሹሩባ መሠራት ትችላለች ወይስ አትችልም?» የሚል ነው። እኔ ጥያቄው ገና ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። የፈቃድ ጥያቄ ነውና። ፈቃድ ሰጪ የለም፤ ፈቃድ ጠያቂም የለም። በሮጀርስ ጉዳይ የሆነውን አስተውሉ። ያው ሹሩባ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዷን የፖስተር ንግሥት፣ ሌላዋን የፍርድ ቤት ከሳሽ አደረገ። ይህ ብቻ ቢሆን «ዕድል ነው» ይባል ነበር። ከዚህ የሚብሰው ግን የአንዷ ዝና በሌላዋ ላይ ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ነው። ዴሪክ ሹሩባ መሠራቷ ማንንም አልጎዳም። የጎዳው፣ ሹሩባው በእሷ ስም መመዝገቡና ያ መዝገብ ተገልጦ «አንቺ ከእሷ ነው የቀዳሽው» ተብሎ ለጥቁሯ ሴት መነበቡ ነው። ስለዚህ ስለ ፀጉር ስንከራከር መጠየቅ ያለብን ማን ተሠራው ሳይሆን ማን ምን ከፈለበት ይመስለኛል።

ክፍያው ደግሞ ረጅም ዕድሜ አለው። ሉዊዚያና በስፔን ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በ1786፣ ገዥው ኤስቴባን ሚሮ ከባርነት ነፃ የሆኑ ጥቁርና ክልስ ሴቶች ፀጉራቸውን በሻሽ እንዲሸፍኑ አዘዘ። የኒው ኦርሊንስ ሴቶች ፀጉራቸውን በዶቃና በላባ አስጊጠው ሲወጡ ከነጭ ሴቶች ጋር ተፎካካሪ ሆነው ስለታዩ የታሰበ ማዋረጃ ነበር። ሴቶቹም ትእዛዙን ፈጸሙ፤ ያውም ውድና ደማቅ ጨርቅ እየመረጡ፣ አጠማጠሙን እያሳመሩ። ማዋረጃው ራሱ ፋሽን ሆኖ አረፈው።

ወደ ዛሬው ልምጣ። በ2015 የኦስካር ሽልማት ምሽት ወጣቷ ተዋናይት ዜንዳያ ፀጉሯን ድሬድ ተሠርታ መጣች። በማግስቱ አንዲት የቴሌቪዥን የፋሽን ተንታኝ ፀጉሩ የዕፅ ሽታ ያለው ይመስላል የሚል ቀልድ ጣል አደረገችበት፤ ነገሩ ሲጋጋል በአየር ላይ ይቅርታ ጠየቀች። ከዓመት ተኩል በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2016፣ ዲዛይነሩ ማርክ ጄኮብስ በኒው ዮርክ የፋሽን ሳምንት አብዛኞቹ ነጭ የሆኑ ሞዴሎቹን ከተለያየ ቀለም ሱፍ የተሠራ ድሬድ አስጊጦ መድረክ ላይ አወጣቸው። ያኔ የዕፅ ሽታ ትዝ ያለው ተንታኝ አላየሁም፤ ነገሩ ጥበብ ነበር።

ወቀሳው ሲመጣ ጄኮብስ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ በየክርክሩ ይጠቀሳል፦ ጥቁር ሴቶች ፀጉራቸውን ሲያለሰልሱ ለምን አትወቅሷቸውም? በኋላ ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠይቋል፤ መልሱ ግን ከእሱ አፍ ወጥቶ የብዙ ሰው መልስ ሆኗል፤ በእኛም ሰፈር ሲነገር ሰምቼዋለሁ። ሲሰሙት ሚዛን የደፋ ይመስላል። ግን «ጩኸቴን ቀሙኝ» ነው። ጥቁሯ ሴት ፀጉሯን በኬሚካል ወይም በጋለ ብረት የምታለሰልሰው በአብዛኛው እንጀራዋን ላለማጣት ነው። ሳታለሰልስ የሄደችው ሮጀርስ የደረሰባትን አይተናል። የጄኮብስ ሞዴሎች ግን ሱፉን የለበሱት ለአንድ መድረክ ነው፤ ትርዒቱ ሲያልቅ አወለቁት፤ ሥራቸውንም አላጡም። ግዴታን ከጌጥ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። ኢንተርቪው ያላት የአዲስ አበባ ልጅ ከሌሊቱ ፒያስትራ የምትሠራው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም።

የስም ነገር ደግሞ አልበረደም። በ2018 ኪም ካርዳሺያን ሹሩባ ተሠርታ ፎቶዋን ስትለጥፍ የጠቀሰችው ስም የቦ ዴሪክን ነው። ከፊልሙ በኋላ 39 ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት በምዕራብ አፍሪካ የፉላኒ ሴቶች ያንኑ አሠራር በዶቃና በሳንቲም እያስጌጡ ይሠሩት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሌላውንም ወገን በቅንነት ላዳምጠው። ፀጉርን በሦስት ዘለላ መጎንጎን የማይችል ሕዝብ በዓለም ላይ አለ ብዬ አላምንም። ከራስ ቅል ጋር አጣብቆ የሚሠራው ሹሩባም ቢሆን በምዕራብ አፍሪካም፣ በእኛም ደጋ ሲሠራ ኖሯል፤ ማን ከማን ተማረ ብሎ የጠየቀም የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ትግራይን ረግጣ የማታውቅ ሙሽራ ለመልሷ አልባሶ ትሠራለች፤ የተቆጣ መቀሌ የለም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሰው ከሰው ካልተዋዋሰ ፀጉር ቤት የሚባል ነገርም ባልኖረ ነበር። ስለዚህ «ይህ የእኛ ብቻ ነው፣ እጃችሁን አንሡ» የሚለው ጽንፍ አያሳምነኝም፤ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ዘር ቆጠራ ይሄዳል።

ነገር ግን ማንም ሊሠራው ይችላል ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሹሩባ ሲሠራ ቀርቦ ያየ ሰው ሥራው ምን ያህል እጅ እንደሚፈልግ ያውቃል። ተሠሪዋ ዱካ ላይ ዝቅ ብላ ጭንቅላቷን ለሠሪዋ ጉልበት ትሰጣለች። ሠሪዋ በማበጠሪያው ጫፍ ከግንባር እስከ ማጅራት መስመር ታወጣለች። ከግንባሩ ዳር ሦስት ቀጫጭን ዘለላ ይዛ መጎንጎን ትጀምራለች፤ በእያንዳንዱ ዙር ከሥሩ ትንሽ ትንሽ ፀጉር እየጨመረች ስለምትሄድ ጉንጉኑ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ይወርዳል። ጣቷ ከላላ ሹሩባው በሳምንቱ ይፍረከረካል። ከጠበቀ ደግሞ ቅንድብ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሌሊቱን ትራስ ላይ ማረፍ ጭንቅ ነው፤ ዘወትር እንዲህ አጥብቆ የሚሠራ ሰው የግንባሩ ዳር ፀጉር እየሳሳ ይሄዳል። ልኩን የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው። ይህ ሰዓታት የሚፈጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው እንጂ አንዲት ተዋናይት አንድ ቀን ጠዋት ተነሥታ የፈጠረችው ነገር አይደለም።

ሙግቱ ከቦታ ቦታ መልኩን መቀየሩም ያስገርመኛል። በኦገስት 2020 እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል ፀጉሯን ጥቅልል ጥቅልል አድርጋ ቋጥራ፣ የጃማይካ ባንዲራ ያለበት ጡት መያዣ ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ለጠፈች። የለንደኑ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል በሚከበርበት ሰሞን ነው። አሜሪካ ውስጥ ቁጣው ነደደ። ከጃማይካ ግን ብዙ ሰው «ወዳን ነው፣ ተዉአት» አለ። ዘፋኟ ራሷ ከዓመት በኋላ ሰዎች ለምን እንደተከፉ እንደገባት ተናግራለች።

ይህ ልዩነት በእኛም ቤት አለ። ፈረንጅ ቱሪስት በጥምቀት ሰሞን የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ ጃን ሜዳ ብቅ ስትል አዲስ አበባ ያለች አክስት «እሰይ! ባህላችንን ወደደችልን» ብላ እልል ትላለች። ያንኑ ፎቶ በስልኳ የምታየው፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያደገችው የወንድሟ ልጅ ግን ፊቷን ታጠቁራለች። «አክስቴ፣ እኔ እኮ በዚሁ ፀጉር ነው ክፍል ውስጥ ሲሳቅብኝ የኖረው» ትላለች። አክስቲቱ ልጅቷን ቁጡ፣ አሜሪካ ያበላሻት አድርጋ ታያታለች። ልጅቷ አክስቷን ያልነቃች አድርጋ ትቆጥራለች።

የተለያዩት በዕውቀት አይመስለኝም። አክስትየው በሹሩባዋ ምክንያት «ቆሻሻ» ተብላ አታውቅም፤ ከሥራ አልተመለሰችም፤ እንግዳ ሰው ሳያስፈቅድ እጁን ጭንቅላቷ ውስጥ አልከተተባትም። በራሷ አገር ብዙኃን ናት። ስለዚህ የፈረንጇ ሹሩባ ለእሷ እንግድነት ነው፤ ጎጆዬን አይታ አደነቀችልኝ እንደማለት። ለልጅቷ ግን ያልተወራረደ ሒሳብ ነው። ቤት ያለን ሰዎች ውጭ ያሉ ልጆቻችንን «ምን አስቆጣችሁ?» ስንል «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እየሆነብን ነው።

የራስ ተፈሪያን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ ከእኛም ጋር ይያያዛል። በኖቬምበር 1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ዜና ጃማይካ ሲደርስ እምነታቸውን በንጉሡ የቀድሞ ስም የጠሩ ድሆች ከጊዜ በኋላ ፀጉራቸውን ሳይቆርጡ ማሳደግን የሃይማኖታቸው ምልክት አደረጉት። ምልክቱ ርካሽ አልነበረም። በ1963 በኮራል ጋርደንስ ከተነሣው ግጭት በኋላ የጃማይካ ፖሊስ ራስ ተፈሪያንን እያሳደደ አሠረ፣ ደበደበ፣ ፀጉራቸውንም በግድ ሸለተ። የአገሪቱ መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ሆልነስ አማካይነት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው፤ የጄኮብስ ሞዴሎች የሱፍ ድሬዳቸውን ይዘው መድረክ ላይ ከወጡ ወራት በኋላ ማለት ነው። እኛም ብንሆን በዚህ አናመካኝ። ለንጉሣችን ብለው ሻሸመኔ ድረስ የመጡ ሰዎች አብረውን እየኖሩ፣ ድሬድ ያሳደገ ልጅ ታክሲ ላይ ሲሳፈር ቦርሳቸውን ጠበቅ የሚያደርጉ አሉ።

ፀጉር «ተወሰደ» ሲባል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ምሳሌያዊ ብቻ አለመሆኑንም ላስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ የሚሠሩ ንጉሥ ነበሩ። በኤፕሪል 1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በሞት አልጋቸው ላይ ሥዕላቸውን የሣለው ሰው ቤተሰቦች በ1959 ለለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ሰጡት፤ ሙዚየሙም በማርች 2019 ለኢትዮጵያ መለሰው። የተቆረጠ ዘለላ ይመለሳል። አሠራር ግን የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ቦ ዴሪክን «ሹሩባውን መልሺ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ የባህል ነጠቃ መድኃኒቱን በመከልከል ውስጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚያዋጣው ከፋይዋን ከክፍያው ማሳረፍና ለባለእጇ ዋጋዋን መስጠት ነው። በሁለቱም በኩል አንዳንድ ነገር ተሠርቷል።

በመጀመሪያው በኩል የፍርድ ቤት በር ጠባብ ነው። በ2010 አላባማ፣ ሞቢል ከተማ ውስጥ አንድ ኩባንያ አንዲት ጥቁር ወጣት ድሬዷን እንድትቆርጥ ጠይቆ እምቢ ስትል የሰጣትን ሥራ ነጠቃት። ሥራው ስልክ ማንሣት ነበር፤ ደዋዩ ፀጉሯን የሚያይበት መንገድ የለም። ጉዳዩን የያዘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 የሰጠው ፍርድ ያው የ1981ዱ ነው፦ ከራስ የሚበቅለው ፀጉር በተፈጥሮ የመጣ ነው፤ አሠራሩ ግን ምርጫ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 ጉዳዩን አላይም አለ።

በሩ ቢዘጋም ሕግ አውጪዎች ሌላ ቀዳዳ ከፈቱ። ካሊፎርኒያ በ2019 «ክራውን አክት» የተባለውን ሕግ በማጽደቅ የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ሕጉ በዘር ላይ የተመሠረተ አድልዎ ማለት ከዘር ጋር የተያያዘ የፀጉር ዓይነትንና አሠራርን እንደሚጨምር ይደነግጋል፤ ሹሩባንና ድሬድን በስም ይጠቅሳል። «ይፈታል» የሚለው ሙግት በዚህ ወደቀ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በ2020፣ ቴክሳስና ሚኒሶታ በ2023 ተከተሉ፤ ዛሬ ከ20 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ከላይ የጠራኋቸው ግዛቶች የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ናቸው። ነርሷም፣ የኤርፖርት ሠራተኛዋም፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋም በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው ሊነግሯቸው ይገባል፤ አለቃ ወይም ርእሰ መምህር «ይህን ፀጉር ፍቺ» ካለ ዝም ብሎ መፍታት ግዴታ አይደለም። በፌዴራል ደረጃ ግን ረቂቁ በ2022 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

በሁለተኛው በኩል ያለው ታሪክ ብዙም አይወራም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ዳላስ የምትኖረው አይሲስ ብራንትሊ በ1997 ታሠረች። ወንጀሏ የውበት ሙያ ፈቃድ ሳይኖራት ሹሩባ መሥራቷ ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ግን ሹሩባ የማያስተምር ትምህርት ቤት ገብቶ፣ የማትነካውን ኬሚካልና የማትጠቀምበትን መቀስ መማር ይጠይቅ ነበር። ቆይታ ሙያውን ላስተምር ስትል ግዛቱ ቦታሽ የፀጉር አስተካካዮች ኮሌጅ ካልሆነ አይቻልም አላት፦ 2,000 ካሬ ጫማ ስፋት ያለው ክፍል፣ ወደ ኋላ የሚተኙ 10 ወንበሮች፣ ከኋላቸው የፀጉር ማጠቢያ ገንዳዎች። ለሹሩባ ዱካና ማበጠሪያ ይበቃል። በ2015 የፌዴራል ዳኛ እነዚህ ግዴታዎች ምክንያት የላቸውም ሲል ፈረደላት፤ የቴክሳስ ሕግ አውጪዎችም በዚያው ዓመት ሹሩባ ሠሪዎችን ከፈቃድ ግዴታ ነፃ አደረጉ። ያ ሹሩባ በነጭ ተዋናይት ራስ ላይ ሲሆን ፋሽን፣ በመድረክ ላይ ሲሆን ጥበብ ነበር፤ የሙያው ባለቤት ስትሠራው ግን ፖሊስ አስጠራ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በራሳችን ደጅ ያለውን ካላነሣሁ ግብዝነት ይሆንብኛል። የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቀጫጭኑ እየጠቀለሉ በቀይ አፈርና በቅቤ ይለውሱታል። መዳብ የመሰለው ያ ፀጉር በቱሪዝም ፖስተር ላይ፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ፣ በዘፈን ክሊፕ ላይ አለ። ክሊፑ ውስጥ ያለችው ግን ብዙውን ጊዜ የከተማ ሞዴል ናት፤ ቀዩ ቀለም ለአንድ ቀን ቀረጻ ተቀብቶ ማታ በሻምፑ የሚለቅ ነው። ሐመሯ ራሷ በዚያው ፀጉር አዲስ አበባ ብትመጣ አንድ ቢሮ እንግዳ መቀበያ ላይ የሚቀጥራት አለ? ቱርሚ ገበያ ላይ ለአንድ ፎቶ ጥቂት ብር ስትጠይቅ ደግሞ «ብር ለመዱ» ብለን የምናማት እኛው ነን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ክሊፕ ስለተሠራ አልጮህም፤ ያማረ ነገር ይታይ። ግን የካሜራ ባለሙያው፣ የመብራት ባለሙያው፣ ልብስ ያቀረበው ሱቅ ሳይቀር ስሙ በሚዘረዘርበት መጨረሻ ላይ ፀጉሩ የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለክሊፕ ሠሪዎች፣ ለማስታወቂያ ድርጅቶችና ለፋሽን ዲዛይነሮች ነው። በሚቀጥለው ሥራችሁ ላይ የሐመርን፣ የአፋርን ወይም የራያን ፀጉር ስትፈልጉ ሠሪዋን ከዚያው አምጡ፤ ለካሜራ ባለሙያው እንደምትከፍሉት በሙያዋ ልክ ክፈሏት፤ ስሟንም ከሌሎቹ ባለሙያዎች ስም ጋር ጻፉት።